የጋሼ ለማ ክልስ ውሾች

ትናንት ከልጄ ጋር፣ እዚህ ፈረንጅ አገር በምንኖርበት ግሮሩድ፣ ጫካው ዳር ስንሄድ፣ እግሩ ረጅም፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ውሻ አገኘን። «ግማሹ የሩጫ ውሻ፣ ግማሹ በግ ጠባቂ ነው» አለችን ባለቤቱ። ዝናብ የነካው ጸጉሩ ሲሸተኝ፣ ልጅ ሆኜ የአጎቴ የበቆሎ ማሳ ዳር የቆምኩ መሰለኝ።

አጎቴ ጋሼ ለማ፣ ከርከሮ በቆሎውን ቢፈጅባቸው፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ትቶት የሄደውን ቀጭን የሩጫ ውሻ ከሰፈር ሴት ውሻ ጋር አዳቀሉት። ከቡችሎቹ ሁለቱን፣ ፍላጻንና ጉቶን፣ አስቀሩ። ፍላጻ ሲሮጥ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም። ጉቶ ግን አፈር እያሸተተ ያዘግማል። እኔ የምወደው ፍላጻን ነበር።

አንድ ጠዋት ከርከሮ ገባ ተባለና ሁለቱም ተለቀቁ። ፍላጻ ከርከሮውን አልፎት እስከ ወንዙ ማዶ በረረ። ጉቶ በቆሎው መሀል አግኝቶት እየጮኸ አስወጣው። ፍላጻ ሲመሻሽ የጎረቤት ዶሮ በአፉ ይዞ መጣ።

ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እግሩን ከአባቱ፣ ጭንቅላቱን ከእናቱ የወሰደ ክልስ፣ አዳኝ ማለት እሱ ነው። ይሄ ግን ሁለቱንም ካባቱ ወሰደ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቢሆንም ራቱን እንዳትከለክሉት» አሉን።

ይህን ስነግራት ልጄ ሳቀች። አባቷ የዚሁ የምንኖርበት አገር ሰው ነው።

«እኔስ እማዬ፣ ጭንቅላቴን ከማን ወሰድኩ?»

መልሴን ሳትጠብቅ፣ በእነዚያ የአባቷ ረጃጅም እግሮች ውሻውን ተከትላ ሮጠች። ስሟን ጠራሁ። «መጣሁ!» አለች እንጂ ዞር አላለችም።

ራቷን ምን እንደምሠራላት እያሰብኩ፣ ቀስ ብዬ ተከተልኳት።