ያላሳረፍኩት ሰውዬ

ቂም በመያዝ እኔን የሚያህል ሰው በወላይታ ምድር የለም። ከቦዲቲ እስከ ቢጠና ቢፈለግ አይገኝም። በሰባት ዓመቴ የነከሰኝን ውሻ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ፤ ውሻው ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቹም ሞተዋል፣ የልጅ ልጆቹ ግን እኔን ሲያዩ አሁንም መንገድ ይለቃሉ። እንግዲህ እኔን የመሰለ ሰው በሰው ፊት ቆብ ሲያስወልቁት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

መጀመሪያ ስለ ቆቡ ልንገራችሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የቀድሞው ሠራዊት ተበትኖ ወታደሩ ሁሉ ወደየትውልድ ቀዬው ሲመለስ፣ ለሶዶ ደግሞ መርከበኛ ደረሳት። ባሕር ለሌላት፣ ተራራ ግርጌ ለተቀመጠች ከተማ! ሰውዬው ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ሻይ ቤት ከፈተ። ሁላችንም «ካፒቴን» እንለው ነበር እንጂ በባሕር ኃይል ሥራው ፊሽካ መንፋት ነበር፤ አዛዡ መርከቧ ላይ ሲወጣ ይነፋል፣ ሲወርድ ይነፋል፣ ምሳ ሲደርስ ይነፋል። ከምጽዋ ይዞ የመጣው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ያችን ፊሽካ፣ የመርከቧን ፎቶ፣ አንድ ነጭ የመርከበኛ ቆብ።

ሻይ ቤቱ የሚተዳደረው በመርከብ ሕግ ነው። ሲገቡ ለፎቶዋ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው። ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነው፤ ፉጨት ማዕበል ይጠራል። «ካፒቴን፣ ሶዶ ላይ ምን ማዕበል አለ?» ስንለው በበሩ አሻግሮ ታች ሩቅ የተኛችውን የአባያን ሐይቅ ያሳየንና «እሷ ትሰማለች» ይላል። ያፏጨ ሰው ወለሉን በቡርሽ ይፈገፍጋል። አንድ ትልቅ ኃላፊ ሱሪውን ሰብስቦ ሲፈገፍግ በዓይኔ አይቻለሁ። እሺ፣ ኃላፊ አልነበረም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ አረማመዱ ግን የኃላፊ ነው።

የሻይ ቤቱ የጓዳ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ነው። የጠፈር ዕድር ነበረን። አትሳቁ። በቪዲዮ ቤት የጠፈር ፊልም አይተን ያበድን አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ አስተማሪ አለ፣ የመዘምራን መሪ አለ፣ ከስልጤ መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ ባለሱቅ አለ። አባል ማርስ ላይ ቢሞት አስከሬኑን ማን ያመጣል፣ ለቀስተኛው ስንት ዓመት ይቀመጣል የሚለውን መተዳደሪያ ደንብ ላይ ጽፈናል። የዕድሩ ደራሲ እኔ ነበርኩ። ቀን ግብርና ቢሮ ታይፕ እመታለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ በደብተር የጠፈር ልብወለድ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ለዕድሩ አነባለሁ። አንባቢው የካፒቴንን ነጭ ቆብ ይደፋል። ቆቡን የደፋ ሰው የመርከቧ አዛዥ ነው፤ እሱ ሲናገር ሻይ እንኳ ፉት አይባልም። በሕይወቴ ሌላ ማዕረግ አላገኘሁም። በቢሮ «አንተ ልጅ» ነበርኩ፣ በቤት «አንተ ሰነፍ» ነበርኩ፤ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ግን ሰው ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጥጉ ላይ አርባዎቹን ያጋመሰ አዲስ ሰው ተቀምጧል። ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ፣ ላይኛው ድድ ላይ አንድ ጥርስ የለውም። ከአየር ኃይል የተበተነ፣ ደብረ ዘይት የነበረ ነው ተባለ። እኔ ያን ዕለት የማነበው ትልቁን ምዕራፍ ነው፤ በዳሞት ተራራ ጫፍ ላይ የተሠራችው፣ አካሏ በቃጫ ገመድ የተጠፈረው የጠፈር መርከብ የምትነሳበትን። አንብቤ ስጨርስ ሰውዬው ጣቱን አወጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ መርከቧ ተነሳች አልክ?»

«ተነሳች።»

«ሕዝቡ እልል አለ።»

«አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደየቤቱ ሄደ። የገበያ ቀን ነበር።»

«ወደየቤቱ!» አለና ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! «አብራሪው ሲሞቀው መስኮት ከፈተ ብለሃል። ጠፈር ላይ! ጨረቃ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ ብለሃል። ጎማው ምን ላይ ነው የሚንሸራተተው? ስማ፣ ይሄ የጠፈር መርከብ አይደለም፤ ጉኑኖ ገበያ የሚመላለስ ጭነት መኪና ነው። ረዳቱ ብቻ ነው የቀረው!»

የባለሱቁ ሻይ በአፍንጫው ወጣ። የመዘምራኑ መሪ ዓይኑን እየጠረገ «ረዳቱ! ረዳቱ!» ይላል። የገዛ ዕድሬ፣ ማርስ ላይ ሬሳቸውን ላነሳ ቃል የገባሁላቸው ሰዎች!

ካፒቴን ተነሳ። «በመርከብ ሕግ» አለ እያዘነ፣ «ሠራተኛው የሳቀበት አዛዥ ቆብ ያስረክባል።» ፊሽካዋን ረጅም ነፋ። ቆቡን ከራሴ አንስቶ ለአየር ኃይሉ ሰው ደፋለት። ቤት እስክደርስ ራሴን በረደኝ፤ ጥር ነበር፣ ፀሐይ ድንጋይ ትጠብስ ነበር፣ እኔን ግን በረደኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእሱ ሆነ። ተዋጊ ጄት እንዴት እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚጮህ ይተርካል፤ ድምፁን በአፉ ሲያወጣ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማርስ የት እንዳለች የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። እኔም ማልኩ፤ ያንን ቆብ ሳላስመልስና ያንን ሰውዬ ሳላስለቅስ ብቀር ጥርሴ ይርገፍ አልኩ።

ከሰውዬው ትረካ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ እንዲሰጠኝ ካፒቴንን ለመንኩት። ያለ ቆብ፣ ቆሜ። ፈቀደልኝ። በደብተሬ ውስጥ አዲስ ሰው አስገባሁ፤ ጥፍሩ ግራሶ፣ ላይኛው ጥርሱ አንድ የጎደለ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማርስ መሄድ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት የማርስ ሰዎች እንሰት መስሏቸው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት፤ ሦስት ወር ሲብላላ ቆይቶ በቢላ ከትፈው ጋገሩት። በሁለተኛው ሳምንት ሳይንስ አስነሳው፤ የዳጣ በርበሬ ገንዳ ውስጥ ወድቆ በቃጠሎው ሟሟ። በሦስተኛው ጨረቃ ላይ ደርቆ የበር ማስደገፊያ አደረጉት። በየሳምንቱ አስነሳዋለሁ፣ በየሳምንቱ እገድለዋለሁ። ዕድሩ መሬት ላይ ይንከባለላል። እኔም እንቅልፍ መጣልኝ፣ ወፈርኩ፣ ፊቴ ወዛ። እሱ ግን ቆቡን ደፍቶ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ የምትገድለው ሰው ትንሽ እንኳ ካልተንፈራገጠ ምን ጣዕም አለው?

ሰባት ጊዜ ከገደልኩት በኋላ አንድ ጠዋት ቢሮዬ ድረስ መጣ። ታይፑ አጠገብ ቆመና «ታ እሻ» አለኝ። በእናታችን ቋንቋ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ቢሮ ውስጥ እንዲህ የሚል የጨነቀው ሰው ብቻ ነው።

«በጉድጓድ ገደልከኝ፣ በገንዳ ገደልከኝ» አለ። «ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው የምትገድለኝ። አንዴ አየር ላይ ብታደርገው ምናለ?»

«እርስዎ ጄት ሲያበሩ የኖሩ ሰው፣ አየር ምን ያደርግልዎታል?»

«አበረርኩ ብዬ አውቃለሁ?»

አሰብኩ። እውነቱን ነው። «ተነሳ» ይላል፣ «ታጠፈ» ይላል፤ «ተነሳሁ» ብሎ አያውቅም። የምድር ቴክኒሺያን ነበር። የአብራሪዎችን ቀበቶ ሲያጠብቅ፣ መሰላል ሲያነሳ፣ ከጎማ ሥር እንጨት ሲያወጣ ነው ዕድሜው ያለቀው። እሱ ራሱ አንዴም ከመሬት አልተነሳም።

«የእኛ ሥራ ሕግ አለው» አለኝ። «አውሮፕላን ያስነሳ ሰው እስኪመለስ ሜዳውን አይለቅም። ምሳ ቢደርስም፣ ዝናብ ቢመጣም። አንዱ ሳይመለስ ቀረብኝ። ቆምኩ። በማግስቱ በክንዴ ይዘው ነው የወሰዱኝ። ያንተ ሰዎች መርከብ አስነስተው ገበያ ሲሄዱ ምን ልሁን? እየሳቅኩ የነበርኩ መስሎሃል?» ጥፍሩን ተመለከተ። «አንዴ አስነሳኝ። ቆቡን እመልስልሃለሁ።»

ልቤ ራራ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልራራም። አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር ነግሮህ ሲወጣ፣ የት እንደሚያመው አሳይቶህ መውጣቱ ነው። «እሺ፣ ግን ቆቡ መጀመሪያ» አልኩት።

ቅዳሜ ፊሽካ ተነፋ፤ ቆቡ ራሴ ላይ ተመለሰ። አነበብኩ። እንደዚያ ቀን ጽፌም አንብቤም አላውቅም። ከዳሞት ጫፍ አስነሳሁት። የሶዶ ቆርቆሮ ከሥሩ ብልጭ አለ፤ የቦዲቲ አውቶቡስ ጉንዳን አከለ፤ አባያ ሻይ ብርጭቆ ቂጥ ላይ የቀረች አተላ መሰለች። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኗል። በቀኝ እጁ የሌለ መሪ ይዟል። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ሰርግ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም። ባለሱቁ ትንፋሹን ዋጠ። ከደመናው በላይ ካወጣሁት በኋላ ደብተሩን ዘጋሁ።

«ከዚያስ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አለቀ።»

«ማረፊያውስ?»

«ነዳጅ በቂ አለዎት።»

ዓይኑን ገለጠ። ገባው። እኔም እንደገባው ገባኝ፤ ያች ደቂቃ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ትጣፍጠኛለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፣ ጠየቀ፤ እኔ ስለ ሳተርን አነበብኩ። በሚቀጥለውም መጣ። ባለሱቁ «ኧረ በአላህ፣ ሰውዬውን አውርደው!» እያለ ለመነኝ። ካፒቴንም «ባሕር ላይ ሰው ትቶ አይኬድም» አለ።

«ካፒቴን፣ ቆቡን የደፋው ማነው?»

«አንተ።»

«ሕጉ የማነው?»

ራሱ የሠራው ሕግ አፉን ያዘው። ከሁለት ወር በኋላ የአየር ኃይሉ ሰው መምጣቱን ተወ፤ ቢጠና ሄዶ ወፍጮ መጠገን ጀመረ ተባለ። እኔም በድል ወለሉ ላይ አፏጨሁ፤ ሦስት ጊዜ አፏጭቼ ሦስት ጊዜ በደስታ ፈገፈግሁ።

ዓመታት አለፉ። መንገዱ ሲሰፋ ሻይ ቤቱ ፈረሰ። ካፒቴን ቆቡን ለእኔ ትቶ፣ ውሃ አጠገብ ልሙት ብሎ አርባ ምንጭ ገባ። ታይፑ ሄዶ ኮምፒውተር መጣ። በዚያ ሰሞን ወደ ሐዋሳ የመዛወር ዕድል አገኘሁ፤ ደብዳቤው ወጥቶ የቀረው ዕቃዬን መጫን ብቻ ነበር። ዋዜማው ላይ መናኸሪያ መኪና ልጠይቅ ሄድኩና ከሰውዬው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሸብቷል። የወፍጮ ቺንጋ እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጥሏል።

ሰላም እንኳ ሳይለኝ «አሁንም ላይ ነኝ?» አለ።

«ላይ ነዎት።»

«ታች ማን አለ?»

«ማንም የለም» አልኩት እየሳቅኩ። «ሕዝቡ ገበያ ሄዷል።»

ራሱን ነቀነቀ። «የለም፣ ያስነሳኸኝ አንተ ነህ። ያስነሳ ሰው ሜዳውን አይለቅም። ያለኸው አንተ ነህ።» ከዚያ በጎደለው ጥርሱ በኩል ፈገግ አለ። «ሐዋሳ ትሄዳለህ ሲሉ ሰማሁ?»

ቺንጋውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ መኪና ላይ ወጣ። የቢጠና መኪና ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዝናብ ቢመጣም እንዳትገባ!» ብሎ ጮኸብኝ። መናኸሪያው ሙሉ ዞሮ አየኝ።

ያን ሳምንት በንዴት እንጀራ አልዋጥ አለኝ። ማረፊያውን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። እንደገና ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ለምን አሳርፈዋለሁ? እንዲያሸንፍ? ሳላሳርፈው ብሄድ ደግሞ ፈርቶ ሜዳ ለቀቀ ሊለኝ ነው። የዝውውሩን ደብዳቤ መለስኩ። አለቃዬ «ምን ነካህ?» ቢለኝ «ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት።

እስከ ዛሬ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ የነበረበት ቦታ፣ ከአዲሱ አስፋልት ዳር እቆማለሁ። ቆቡ ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ ዳሞት በኩል አያለሁ። ቂም ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው የሚል ካለ ውሻውን ይጠይቅ። አላሳርፈውም። ትናንት ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ መጣ፤ ሰው ሁሉ በረንዳ ሥር ተጠለለ፤ እኔ አልገባሁም።