ከድር ሱቅ የሰቀልኩት ሥዕል

ቡታጅራ ውስጥ ለሥዕል የሚሆን አዳራሽ ስለሌለን ሥራዎቻችንን በየሱቁ እንሰቅላለን። እኔም የራሴን መልክ ስዬ፣ በትልቅ ፍሬም አድርጌ፣ ከድር ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅ ሰቀልኩት።

በሳምንቱ ሰው ምን እንዳለ ልጠይቀው ሄድኩ። ገና ሰላም ስንባባል አንዲት እናት ሚስማር ሊገዙ ገቡ። ሥዕሉን አዩና አንገታቸውን ደፉ።

«ውይ ከድር፣ ሳልሰማ! ለቅሶ እንኳን ሳልደርስህ። አላህ ይዘንለት፣ ገና ልጅ ነበር።»

ለካ በእኛ ከተማ በትልቅ ፍሬም ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው የሟች ፎቶ ነው።

ከድር ማስረዳት ሰልችቶት ኖሮ «አሚን» ብሎ ሚስማር መመዘን ጀመረ። ግራ ሲገባኝ እኔም «አሚን» አልኩ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረው እጄን ያዙ።

«አይዞህ ልጄ። ወንድሙ ነህ አይደል? ትንሽ ትመስለዋለህ።»