የሙሽራዋ መኪና አልነሳም ያለች ቀን

ባለፈው እሁድ አሰላ ላይ ስሜ ሊጠፋ ነበር። አውቶ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሙሽራዋ ጫልቱ ሙያውን አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ስለሆነች፣ የሰርጓን መኪና ዋዜማውን የፈተሽኩት እኔ ነኝ።

ያሳደጓት አያቷ ከኦጎልቾ እየመጡ ነው። ሚዜዎቹ ግን “ረፈደ፣ እሳቸው አዳራሽ ይደርሱብናል” ብለው ተነሱ። ጫልቱ “ቬሎዬን ላስተካክል” ብላ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር፣ ዝም!

“አንተ አይደለህ እንዴ ትናንት ስትነካካት የነበርከው?” አለኝ አንዱ ሚዜ።

“ገፍተን እናስነሳት!” አለ ሌላው።

“አውቶማቲክ ናት፣ ተገፍታ አትነሳም” አልኩት ላቤ እየወረደ።

በሙሉ ልብሴ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን በቴስተር ለካሁት፤ ደህና ነው። ሾፌሩ ቁልፉን አዙሮ እንዲይዝ አድርጌ፣ ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚሄደውን ሽቦ ብለካው ግን ምንም ኤሌክትሪክ አይደርሰውም። ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ሪሌዋን ፈለግኩ። ሪሌ ማለት ቁልፍ ሲዞር ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የምትለቅ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት። የለችም! ትናንት በእጄ የገጠምኳት ሪሌ ቦታዋ ባዶ ነው። አሁን ይሄን ማን ያምነኛል?

በዚህ መሀል አንድ ባጃጅ ከተፍ አለና አያቷ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ጫልቱ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጉልበታቸውን ለመሳም ስትንጠራራ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በኦሮምኛ መረቋት።

ሲጨርሱ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ከያዘችው አበባ ሥር ሪሌዋን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

“በል አሁን ግጠማት፤ እንሂድ።”