ወረቀቱ ያላለው

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ሦስት ጊዜ ልናገር ሄጄ ሦስት ጊዜ ሌላ ኃጢአት አውርቼ ተመለስሁ። ስካሬን ተናገርሁ፣ ስድቤን ተናገርሁ፤ ይህን ዋጥሁት። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ለምን ለእናንተ እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ እሱም አያስመሰግነኝም።

ለገዛ ልጄ የመጣን ወረቀት ዋሽቼ ያነበብሁ እኔ ነኝ።

ከጎጃም ወደዚህ ቆላ የወረድሁት ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ኮኪት ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኜ ስንት ዓመት ማሽላ በላሁ። ጠዋት ማሽላ፣ ማታ ማሽላ፤ ስሙ ሲጠራ ያንገሸግሸኝ ነበር። በኋላ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆንሁ፤ ሙሉን አገባሁ፤ ብርቱካንን ወለድን። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እኔ ይዘውት ይመጡ ጀመር። ደረቴ ተነፋ።

ብርቱካን ዓመት ሲሞላት ከመተማ ዮሐንስ አንድ ካርቶን ኮርንፍሌክስ ይዤ ገባሁ። ከማዶ፣ ከሱዳን ገላባት የተሻገረ ነው። ቀለበት ቀለበት የሚመስል፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ስኳር የተለበጠ። እንዴት መረጥኸው ብትሉኝ፣ ካርቶኑ ላይ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ስለሚስቅ ነው። የተጻፈው ዓረብኛ ነበር። ምን ይላል ብዬ ሻጩን አልጠየቅሁትም። ፊደል የቆጠረ ሰው ይጠይቃል እንዴ?

ሙሉ አንዷን ፍሬ ቀምሳ፣ ይኼ እኮ ከረሜላ ነው አለች። እሷ ማሽላና ሽምብራ ቆልታ፣ ሰሊጥ ጨምራ ታስፈጭና ለልጅቱ ቁርስ ቀጠን ያለ ገንፎ ታገነፋ ነበር። እኔ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ቀለብ ለልጄ አይገባም አልሁ። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በአራተኛው ልጅቱን አዝላ ጤና ኬላ ሄደችና ወረቀት ይዛ መጣች። ጤና ኤክስቴንሽኗ ሰው ተሰልፎባት ኖሮ፣ ባልሽ ያንብብልሽ ብላ ሰጥታታለች።

«በል አንተ የተማርኸው፣ ፍረደን» አለችኝ። እየሳቀች ነበር።

በልቤ አነበብሁት። እህልን ከጥራጥሬና ከቅባት እህል ጋር ቀላቅሉ ይላል። ስኳር አትጨምሩ ይላል። ከሱቅ ከገዛችሁም ስኳር ያልገባበትን ምረጡ ይላል። ሙሉ የምታደርገውን ነው የሚለው። እሷ ያለ ፊደል ታውቀዋለች፤ እኔ ከነፊደሌ አላውቀውም። ይህ አንገበገበኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ማሽላ የሕፃን ሆድ ይነፋል፤ የሱቁን ስጡ ይላል» አልሁ።

አልተሳሳትሁም። ፊደሉም አልጠፋኝም። እያንዳንዷን ቃል እያየሁ ሌላ ቃል ተናገርሁ። ሙሉ ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ ዳበሰችው። «እንግዲህ ወረቀቱ ካለ» አለችና ዱቄቱን ለዶሮ በተነችው።

ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ወተት ሲገኝ በወተት፣ ሲጠፋ በውሃ ያንን አበላናት። ልጅቱ ሌላ እህል ሲቀርብላት ፊቷን ታዞር ጀመር። የፊት ጥርሶቿ ጠቆሩ። ክንዷ ሰለለ። እኔ ስጠብቀው የምውለው ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ የሰው ልጅ ያፋፋል፤ የኔ ልጅ ቀለም ታኝካለች።

አንድ ቀን ጤና ኤክስቴንሽኗ ልጄን እንዳቀፍሁ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ጋሼ፣ ይህች ልጅ ምን ትበላለች፣ ወረቀቱን ለእናቷ አላነበቡላትም ወይ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ስንት ቃል ይፈጅብኝ ነበር? እኔ ግን «አንብቤላታለሁ፤ ሰነፍ ናት፣ ማገንፋት ይታክታታል» አልሁ። ሙሉን ነው ሰነፍ ያልሁት። ወፍ ሳይንጫጫ የምትነሣውን ሴት። ከዚያ ወዲያ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሙሉን ፊት ነሳቻት። ሙሉ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ልጄን ያከሳት ጡቴ ይሆን እያለች ስታለቅስ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ልጄን ያዳናት እኔ አይደለሁም። ማዶ ጦርነት ተነሣና ካርቶኑ ከገበያ ጠፋ። ሙሉ እስኪመጣ ብላ ወደ ገንፎዋ ተመለሰች። ልጅቱ ጥቂት ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ በላች፤ እያደር ክንዷ ሞላ። ሙሉ ግን ምን ትላለች መሰላችሁ? ያ ካርቶን መሠረት ጥሎላት ነው ትላለች። ውሸቴን እስከ ዛሬ ታመሰግነዋለች።

አሁን ካርቶኑ ተመልሶ ሱቅ ላይ ተደርድሯል። የጎረቤታችን የደብሬ ልጅ ደግሞ እህል ሊጀምር ነው። ትናንት ደብሬ ምን ላብላው ብላ መጣች። ሙሉ ያንን ወረቀት ከሳጥን አወጣችው። በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል። የሱቁን ግዢ፣ ተጽፏል፣ እሱ ያነብልሻል አለቻት። እኔስ? ዓይኔን አሞኛል፣ ነገ ነይ አልሁ። እንደገና ዋሸሁበት።

ለምን ለእናንተ እንደጻፍሁ ልንገራችሁ። ሙሉ ማንበብ ስለማትችል ነው። ማንበብ ለሚችል ሁሉ ተናዝዤ ከእሷ እንደተደበቅሁ ልኖር ነበር ሐሳቤ። ፈሪ ነኝ። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የእናንተን ልጅ ቁርስ አልነጠቅሁም። መሃይምነቴንም ሰበብ አላደርገውም። መሃይም ሳለሁ ማንንም እንዲህ አልበደልሁም።

ደብሬ ልጇን አዝላ እየገባች ነው። ሙሉ መቀመጫ አወጣችላት። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እንደተጻፈው ላንብበው። ከዚያ ፈራጇ ሙሉ ናት።