የይርገዱ ቀሚስ ቁልፍ

ካፖርቴን ስቆልፍ የቁልፉ ቅዝቃዜ ጣቴን ነካኝ። እዚህ በሰው አገር በረዶ እየጣለ፣ ልቤ ጭልጥ ብሎ ቡሬ ሄደ፤ በጣሊያን ጊዜ፣ አዲስ አቡጀዲድ ወደሚሸትበት ወደ ልብስ ሰፊው አያ ታከለ ደጅ።

የታናሽ እህቴ የይርገዱ ክንዶች ከተወለደች ጀምሮ አይታጠፉም። ቀሚስ በራሷ ሲጠልቅላት እያመማት ስለምታለቅስ በጋቢ ተጠቅልላ ከቤት ትውል ነበር፤ ከክርስትናዋ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሳመችም ነበር።

አያ ታከለ እናቴ ለእሷ ያሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ጫፉ፣ እጅጌውንም ጨምረው፣ በመቀስ ሰነጠቁት። እናቴ ደነገጠች።

«እንዲህማ መግነዝ ነው፤ ልጄን በቁሟ አልገንዝም» አለች።

እሳቸው ካሮጌ የጣሊያን ካፖርት ላይ ቁልፎች እየፈቱ፣ «ለመቃብር ማን ቁልፍ ያበጃል፣ እቴ? ቁልፍ ሰው ላለበት ቤት ነው» አሏት።

እኔ ልጅ ነበርሁና ከቀሚሱ ላይ በር ፈለግሁ።

ሰፍተው ሲጨርሱ እናቴ ቀሚሱን ተቀበለቻቸው። ከዚያ ቤታችን ገብታ ጭኗ ላይ ዘርግታ ይርገዱን አስተኛችበትና ቀስ እያለች ቆለፈችላት። ይርገዱ አላለቀሰችም። በማግስቱ እሑድ፣ በእናቴ ጀርባ ታዝላ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳመች።

አሁን የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፌ አማተብሁ። ተመስገን፣ ቤቱ ሰው አለበት።