የታመምኩት እኔ ነኝ

እህቴን በአንድ ዓመት እበልጣታለሁ። ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ግን አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ እኔ ወድቄ ደገምኩና ደረሰችብኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አልችልም ነበር። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ረስቼ እመለሳለሁ። ጠበል ወሰዱኝ። ኋላ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም ትኩረት የሚያሳጣና የሚያቅበጠብጥ ሕመም እንዳለብኝ ነግሮን መድኃኒት ጀመርኩ።

መድኃኒቱ አረጋጋኝ። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው መስማት ቻልኩ። ድካምና ድብርት ግን አልለቀቁኝም። ከቀትር በኋላ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሲመሽ ያለ ምክንያት ዕንባዬ ይመጣል።

«አሁንማ ድነሻል፤ ይኸ ስንፍና ነው። እህትሽን አታይም?» ትለኛለች እናቴ።

እህቴ ያን ጊዜ ሽሮ እያማሰለች ፊዚክስ ታነባለች። ምነው ባረረባት እያልኩ እመኛለሁ። አያርባትም።

ለክትትል ስንመለስ እናቴ እህቴንም ይዛት ሄደች። ሐኪሙ ስለ ምግቤና ስለ እንቅልፌ ሲጠይቅ እህቴ ቀድማኝ መለሰች።

«ምሳዋን ለኔ ነው የምትሰጠኝ። ሌሊቱንም ስትገላበጥ ነው የምታድረው።»

«ጎበዝ!» አላት።

ሕመሜን እንኳ ከኔ በላይ አውቃ ተመሰገነችበት!

«ዶክተር፣ የታመምኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ይጠይቁኝ» አልኩ።

እናቴ በድንጋጤ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሐኪሙ ግን ወንበሩን ወደኔ አዞረ።

«እውነትሽን ነው። በይ ንገሪኝ።»

የምግብ ፍላጎቴ መጥፋቱን፣ መድኃኒቱ ሲለቀኝ ዓለም እንደሚጨልምብኝ፣ እህቴን ማየት እንዳስጠላኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እህቴ አቀርቅራ አለቀሰች።

ደሜ ሲመረመር የደም ማነስ ተገኘብኝ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰው፤ የደም ማነስ ኪኒን ጨመረልኝ፤ ሳልበላ እንዳልውጥ አስጠነቀቀኝ፤ በየቀጠሮውም ስለ ድብርቱ ብቻዬን ያነጋግረኝ ጀመር። ለእናቴም፣

«እማማ፣ ስንፍና አይደለም። ከእህቷ ጋር አያወዳድሯት» አላት።

ድካሙ በጥቂት ወራት ቀለለልኝ፤ ድብርቱ ግን ቀስ እያለ ነው የሄደ። እናቴም ምላሷ እያመለጣት «እህትሽን...» ትልና ዝም ትላለች።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሁለታችንም አለፍን፤ እሷ በብዙ በለጠችኝ። ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ እሷን አቀፈ። ያን ቀንም ቀናሁ። ግን ሲመሽ እንደ ድሮው ዕንባዬ አልመጣም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር እየሳቅኩ አመሸሁ።