ምን ልታዘዝ?

ስምንተኛ ክፍልን ሳልፍ አክስቴ ከገጠር፣ ከዳሪሙ፣ አስመጥታ መቱ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ጋበዘችኝ። ምግብ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። በቀይ ወጥ፣ በጎመንና በአይብ ያሸበረቁትን ትልልቅ ትሪዎች ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስልኳ ሲጮህ አክስቴ፣ "ከወንበርሽ እንዳትነሺ፤ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ" ብላኝ ወጣች።

ወዲያው እናቴን የሚያህሉ አስተናጋጅ መጡና ጎንበስ ብለው "ምን ልታዘዝ?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። እኛ ቤት የሚታዘዘው ልጅ ነው። "ኧረ እኔ ልታዘዝ፣ እትዬ! እርስዎ ይቀመጡ" ብዬ ብድግ አልኩ።

ሴትዮዋ ሳቁ። "እግሬንስ አሞኛል" ብለው ወንበሬ ላይ አረፍ አሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። የቧንቧ ውሃ ስለጠፋ ጥግ ላይ ጆግና ሳፋ ተቀምጦ ነበር። አነሣሁና አስታጠብኳቸው።

"ለእኔስ?" አሉ አጠገባችን ምግብ የቀረበላቸው ሽማግሌ። እጃቸውን ታጥበው "ጉደዹ! እደጊ፣ ልጄ!" ብለው መረቁኝና ቅቤ የጠገበ ክትፎ አጎረሱኝ። ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ። ከዚያ ከየጠረጴዛው ይጠሩኝ ጀመር። ከረባት ያሰሩት ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል። ያን ያህል ምርቃት በዓመት በዓል እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

ዞር ስል አክስቴ ፊቴ ቆማለች። አስተናጋጇ ሊነሡ ሲሉ አክስቴ ትከሻቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ እጆቿን ዘረጋችልኝ።